ኮያሳን በዝናብ ቀን፦ ከኦሳካ ደርሶ መልስ እንዴት ይኬዳል?

"ነገ ዝናብ ነው ይላል፣ ኮያሳንን ልሰርዘው?" ይህችን ጥያቄ ስልኬ ላይ ስንቴ እንዳነበብኳት ፈጣሪ ይወቀው። የምኖረው ኦሳካ ነው። ከአገር ቤት ለሥልጠና የመጣው፣ ከቶኪዮ ለዕረፍት የሚወርደው ተማሪ፣ ከአሜሪካ ጃፓንን ሊያይ የመጣው ዘመድ፣ ሁሉም አንድ ቀን ተራራው ላይ ላሉት የቡድሂስት ገዳማት ይመድባል። ከዚያ የአየር ትንበያውን ያይና ይደነግጣል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አትሰርዙ፣ ካልሲ ጨምሩ።

ቀልድ አይደለም። እዚያ ቀናችሁን የሚያበላሸው ዝናቡ ሳይሆን እርጥብ ካልሲ ነው። እንደኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ እያወለቃችሁ ነው የምትገቡት፤ ልዩነቱ ወለሉ ምንጣፍ ሳይሆን ቀዝቃዛ እንጨት መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ አንድ ካልሲ ብቻ ይዤ ሄጄ በየኮሪደሩ እርጥብ የእግር አሻራ እየተውኩ ስሄድ አንዲት አሮጊት ምንም ሳይሉ መሐረብ ሰጡኝ። ያን ቀን ያፈርኩት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ለማያውቀው፦ ኮያሳን በዋካያማ ግዛት 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የገዳማት ከተማ ናት። 117 ቤተ መቅደሶች አሏት። ፖስታ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ዩኒቨርሲቲም አላት። ስለዚህ ዝናብ ቢይዛችሁ መጠለያ አታጡም።

አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት። ከታች ያለው ሰዓት ሁሉ በጃፓን አቆጣጠር ነው። 10:30 ስል በኛ ከጠዋቱ 4:30 ማለት ነው። ይህን የምጽፈው አንድ ወዳጄ "አሥር ሰዓት ተኩል" ሲባል ከሰዓት በኋላ መስሎት ሥነ ሥርዓቱ ስላመለጠው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካልሲ፣ ከለበሳችሁት ሌላ ሁለት ጥንድ። በደንብ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ይሁን።
- ባዶ ፌስታል ሦስት አራት። አንዱ ለእርጥብ ካልሲ፣ አንዱ ለጫማ፣ አንዱ ለስልክ።
- ሶሉ ያላለቀ ጫማ። ውሃ የማያስገባ ከሆነ እሰየው፣ ካልሆነም ግድ የለም፤ የሚያንሸራትት ከሆነ ግን አይሆንም። ደግሞ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፤ ረጅም ማሰሪያ ያለው ቡትስ አድርጋችሁ በር ላይ ስትታገሉ ከኋላችሁ ሰልፍ ይሠራል።
- ዣንጥላ። ከኮንቢኒ (24 ሰዓት ክፍት ከሆኑት ሱቆች) የሚገዛው ግልጹ ላስቲክ ይበቃል።
- ቀለም ያለው ቴፕ ወይም ጨርቅ። ዣንጥላው እጀታ ላይ ይታሰራል፣ ምክንያቱን በኋላ።
- ትንሽ ፎጣ።
- ሹራብ ወይም ቀለል ያለ ጃኬት። በበጋም ቢሆን።
- ጥሬ ገንዘብ። ለአንድ ሰው 10,000 የን ከያዛችሁ ለባቡርም፣ ለመግቢያም፣ ለምሳም ይበቃል። ሳንቲም አይጥፋ።
- ካይሮ የሚሉት፣ ሲፈቱት የሚሞቅ ትንሽ ከረጢት። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብቻ።

ጋቢ አትያዙ። ሳቃችሁ አይደል? ይዞ የመጣ አውቃለሁ። ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደውና ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት ዋለ።

1. በመጀመሪያ ዝናብንና ታይፉንን ለዩ

በሰኔና በሐምሌ ያለው የጃፓን ክረምት፣ ጹዩ የሚሉት፣ ለሰዓታት ቀስ ብሎ የሚወርድ ዝናብ ነው። እሱ ችግር የለውም። ታይፉን፣ ከባሕር የሚመጣው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ሌላ ነገር ነው። ትንበያው ታይፉን እየቀረበ ነው ካለ ወይም ለዋካያማ የከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ቀኑን ቀይሩት። ምክንያቱ ለእናንተ መርጠብ አይደለም፤ መንገድ ላይ ካለው ሀሺሞቶ ጣቢያ በኋላ ሐዲዱ የተራራውን ጎን ተጠግቶ ነው የሚወጣው፣ አፈር ሲንሸራተት ወይም ዛፍ ሲወድቅ ባቡሩ ይቆማል። በፈረንጆች ጥቅምት 2017 አንድ ታይፉን የመጨረሻውን የባቡር ክፍል አበላሽቶት እስከ መጋቢት 2018 መጨረሻ ድረስ ተዘግቶ ነበር። ባቡሩ የቆመው እናንተ ላይኛው ጫፍ ላይ ሳላችሁ ከሆነ ሌሊቱን እዚያው ማደር ሊመጣ ነው።

ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ከኦሳካ ወደ ኮያሳን የሚወስደውን የናንካይ ባቡር የአገልግሎት ሁኔታ ድረ ገጹ ላይ እዩ። "ዘግይቷል" ካለ ሂዱ። "ተቋርጧል" ካለ ተመልሳችሁ ተኙ።

2. ማታውኑ ተዘጋጁ፣ ምሳም ያዙ

ካልሲና ፌስታሉን ማታ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ትልቅ ሻንጣ ካላችሁ ኦሳካ ሆቴል ወይም የጣቢያ ሎከር ውስጥ ተዉት፤ ተራራው ላይ አውቶቡሱ ጠባብ ነው፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ሁሉም ሰው አውቶቡስ ነው የሚይዘው።

በገዳም ውስጥ ምሳ መብላት ከፈለጋችሁ ከቀናት በፊት ማስያዝ ያስፈልጋል። ድንገት ሄዶ ማንኳኳት አይሠራም፤ ምግቡን የሚያዘጋጁት በተያዘው ቁጥር ልክ ነው።

3. ከጠዋቱ 7:30 ናምባ ተገኙ፣ ግን ትክክለኛው ናምባ

ናምባ ላይ ጣቢያው አንድ አይደለም። የሜትሮው አለ፣ የጄአር አለ፣ የኪንቴጹና የሃንሺን አለ። እናንተ የምትፈልጉት ናንካይ ናምባን ነው፤ ከመሬት በላይ፣ ትልቁ የገበያ ሕንጻ ያለበት። በፈጣኑ ባቡር ሺን-ኦሳካ የወረደ ሰው ቀዩን የሜትሮ መስመር፣ ሚዶሱጂን፣ ይዞ ናምባ ድረስ ይመጣል፤ 15 ደቂቃ ገደማ ነው።

ከዚያ የኮያ መስመርን ፈልጉ። ቦርዱ ላይ መድረሻው "ጎኩራኩባሺ" (የኬብሉ ባቡር የሚነሳበት ጣቢያ) ወይም "ሀሺሞቶ" የሚል መሆን አለበት። እዚህ ሦስት ወጥመድ አለ።

አንደኛው፣ "ኢዙሚ-ቹኦ" የሚል ባቡር ከዚያው አካባቢ ይነሳል። መንገድ ላይ ተገንጥሎ ሌላ አገር ነው የሚያደርሳችሁ። ሁለተኛው፣ "ሪንካን" የሚባለው ልዩ ፈጣን ባቡር ከፍላችሁ ትገቡበትና ሀሺሞቶ ላይ ያበቃል፤ እስከ ጎኩራኩባሺ የሚወስደው "ኮያ" የሚባለው ነው። ሦስተኛው፣ ጄአር ፓስ (ለጎብኚዎች የሚሸጠው የጄአር ባቡሮች ትኬት) እዚህ አይሠራም። ናንካይ የግል ባቡር ነው። ፓሱን በር ላይ እያሳያችሁ ከሠራተኛው ጋር አትከራከሩ።

"ኮያ" ወንበር ተይዞለት በተጨማሪ 800 የን ገደማ የሚከፈልበት ነው፤ 80 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ተራው ኤክስፕረስ ተጨማሪ አይጠይቅም፤ 100 ደቂቃ ገደማ ነው። እኔ ሁልጊዜ ተራውን ነው የምይዘው። ለ20 ደቂቃ 800 የን? በዚያ ምሳ ላይ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ኢኮካ ወይም ሱይካ (ገንዘብ የሚሞላባቸው የመጓጓዣ ካርዶች) ካላችሁ መታ አድርጎ መግባት ብቻ ነው። ለደርሶ መልስና ለአውቶቡስ በአንድ ላይ የሚሸጥ የቅናሽ ትኬትም አለ።

ለምን 7:30? ተራራው ላይ በ10:30 እንድታዩት የምፈልገው ነገር ስላለ። ደርሰንበት እነግራችኋለሁ።

4. ሀሺሞቶ ላይ ቀይሩ፣ ከዚያ የኬብሉን ባቡር ያዙ

ብዙው ባቡር ሀሺሞቶ ያበቃል። ወርዳችሁ ወደ ላይ የሚሄደውን ትንሹን ባቡር ትይዛላችሁ። ከዚህ በኋላ ፍጥነቱ ይሞታል፤ ባቡሩ እየተጠማዘዘ፣ ጎማው ሐዲዱ ላይ እየጮኸ፣ ዋሻ በዋሻ እያለ ይወጣል። ጉም መስኮቱ ድረስ ይመጣል። ዕቃችሁን የምታስተካክሉበት ጊዜ ይህ ነው፦ ሹራቡን ልበሱ፣ ስልኩን ፌስታል ውስጥ ክተቱ። ላይኛው ከኦሳካ 5 ዲግሪ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀዘቅዛል። ስትወርዱ ነፋስ እየመታችሁ ቦርሳ ከመበርበር ተቀምጣችሁ ብትለብሱ ይሻላል።

ጎኩራኩባሺ ላይ ከጣቢያው ሳትወጡ በተሸፈነ መተላለፊያ ወደ ኬብሉ ባቡር ትሻገራላችሁ። ዣንጥላ መክፈት አያስፈልግም። ጉዞው 5 ደቂቃ ነው፤ ከ300 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ውስጡ ደረጃ ደረጃ ነው፣ ወለሉም በሰው እግር ይረጥባል፣ ስለዚህ ብረቱን ያዙ። መሮጥ አያስፈልግም፤ የኬብሉ ባቡር ከታች የመጣውን ባቡር ጠብቆ ነው የሚነሳው።

5. ከላይኛው ጣቢያ በእግር አትውጡ

ካርታው ላይ ከተማው ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን ከኮያሳን ጣቢያ የሚወጣው መንገድ ለአውቶቡስ ብቻ የተፈቀደ ነው፤ እግረኛ አይሄድበትም። ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ በጉም ጊዜ ሾፌሩ የማያያችሁ መንገድ ነው። በር ላይ የቆመውን አውቶቡስ ያዙ።

እዚህ በኋላው በር ትገባላችሁ፣ በፊተኛው ትወርዳላችሁ። ካርድ ካላችሁ ስትገቡም ስትወርዱም መታ። ከሌላችሁ ስትገቡ ቁጥር ያለባትን ትንሽ ወረቀት ውሰዱና ስትወርዱ ከፊት ያለው ሰሌዳ ላይ በቁጥራችሁ ስር ያለውን ዋጋ ክፈሉ። ወረቀቷን ሳይወስዱ ገብቶ በኋላ መጨቃጨቅ የተለመደ ነው።

የምትወርዱት ኦኩኖኢን-ማኤ ነው፣ 20 ደቂቃ ገደማ። መሐል ከተማው ሰንጁኢንባሺ ላይ ሰው ሁሉ ግር ብሎ ሲወርድ አብራችሁ እንዳትወርዱ።

6. ከቤት ውጭ ያለውን ጠዋት ጨርሱ

የቀኑ ቅደም ተከተል ዋናው ሚስጥር ይህ ነው። ጠዋት ደጅ፣ ከሰዓት ቤት ውስጥ። ገልብጣችሁ ከሠራችሁት ጠዋት በደረቅ እግር የገዳም ኮሪደር ትዞሩና ከሰዓት ረጥባችሁ፣ በርዷችሁ፣ የምትገቡበት ሁሉ እየተዘጋ ትቀራላችሁ። አብዛኛው ቦታ 5 ሰዓት ማታ ላይ (በኛ 11 ሰዓት) ይዘጋል።

ኦኩኖኢን የመቃብር ስፍራ ነው። ከ200,000 በላይ የመቃብር ድንጋዮች በግዙፍ ሱጊ ዛፎች ሥር ተደርድረዋል። ሱጊ ጥድ የሚመስል፣ ቀጥ ብሎ ሰማይ የሚነካ ዛፍ ነው። ከኦኩኖኢን-ማኤ የሚነሳው አጭሩ መንገድ በአዲሶቹ መቃብሮች በኩል ያልፋል። ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ያሠሩት መታሰቢያ ነው፦ ሮኬት አለ፣ ምስጥ አጥፊዎች ለገደሏቸው ምስጦች ያቆሙት ድንጋይ አለ፣ አንድ የቡና ኩባንያ ያቆመው የድንጋይ ስኒም አለ። ከቡና አገር መጥታችሁ እሱ ፊት ፎቶ ሳትነሱ ብታልፉ ቅር ይለኛል። ዝናብ ሲሆን ስኒው ላይ ውሃ ይንጠባጠብበታል፣ የቀረው ጀበና ብቻ ነው።

አትዘግዩ ግን። ከ10:30 አሥር ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ከድልድዩ በፊት ያለው አደባባይ ላይ ሁኑ።

እዚያ የምታዩት ይህ ነው። የዚህ ገዳም መሥራች ኩካይ፣ በክብር ስሙ ኮቦ ዳይሺ፣ በፈረንጆች ከ835 ጀምሮ በተመስጦ ላይ እንዳለ ነው የሚታመነው። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 6:00 እና 10:30፣ መነኮሳት ምግብ ይወስዱለታል። በእንጨት ሣጥን ተሸክመው፣ ድልድዩን ተሻግረው። ዝናብም በረዶም አያስቀረውም። እኔ ያየሁት ቀን ዝናቡ እየወረደ ነው፤ ከእንጨት ጫማቸው በቀር ድምፅ አልነበረም። ከመንገዱ ዳር ቁሙ፣ ዣንጥላችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ከፊታቸው አትቅደሙ። ከድልድዩ በፊት ፎቶ ይቻላል።

7. ድልድዩን ስትሻገሩ ስልኩን አስገቡ

ድልድዩ ጎብዮባሺ ይባላል። ከሱ ወዲያ ፎቶ ክልክል ነው፣ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው፣ ባርኔጣ ይወልቃል። የጃኬታችሁን ኮፍያም አውልቁ፤ እርጥብ ነው ብሎ ማሳበብ የለም፣ ዣንጥላ አላችሁ። ሰዎች ከመሻገራቸው በፊት ቆም ብለው ጎንበስ ይላሉ፤ ባታምኑበትም ቆም በሉ፣ እየተጨዋወታችሁ አትሻገሩ። ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ እንዴት እንደሚቆም ለእናንተ አይነገርም።

ከድልድዩ ወዲያ ያለው አዳራሽ ቶሮዶ ይባላል፤ የፋኖሶች ቤት ማለት ነው፣ ጣሪያው ሙሉ ፋኖስ ነው። ዣንጥላውን በር ላይ ካለው ማስቀመጫ ትተዋላችሁ። ቴፑ የሚጠቅመው እዚህ ነው! ሃምሳ አንድ ዓይነት ግልጽ ዣንጥላ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፤ ሰው ሳያስበው የናንተን ይዞ ይሄዳል፣ እናንተም ሳታስቡ የሰው ትይዛላችሁ። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ሰው ዣንጥላው ጠፍቶበት አያውቅም።

8. በሌላኛው መንገድ ውጡ፣ በቀስታ

በመጣችሁበት አትመለሱ። ወደ ኢቺኖሃሺ የሚወስደውን አሮጌውን መንገድ ያዙ፤ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ኮያሳን ሲል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ይህ መንገድ ነው። በዝናብ ቀን ደግሞ የድንጋዩ አረንጓዴ ሽበት፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ለስላሳው ነገር ማለቴ ነው፣ ያበራል። ቀይ ጨርቅ አንገታቸው ላይ የታሰረላቸው ትናንሽ የድንጋይ ሐውልቶች፣ ጂዞ ይባላሉ፣ ፊታቸው በውሃ ይጠቁራል። ከደመና በላይ ያለችው ጸሐይ ስላልወጣች ጥላ የለም፤ ፎቶ የሚያምረውም ለዚህ ነው። ሌንሱን ግን በየአምስት ደቂቃው ጥረጉ።

አሁን ማስጠንቀቂያ። የተነጠፈው ድንጋይ ያረጀ ነው፣ ሽበት አለበት፣ ላዩ ላይ የሱጊ ቅጠል ይረግፍበታል። እነዚህ ሦስቱ ከውሃ ጋር ሲገናኙ ሳሙና ናቸው። በሙሉ እግራችሁ ርገጡ፣ በተረከዝ አትጀምሩ። የድንጋዩን ጠርዝና የዛፉን ሥር አትርገጡ። ልጅ ካላችሁ እጁን ያዙ።

መሐል ላይ ካኩባን-ዛካ የሚባል 43 ደረጃ ያለው ቁልቁለት አለ። እዚያ ላይ የወደቀ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ይሞታል የሚል አፈ ታሪክ አላቸው። ታሪኩን ለምን እንደፈጠሩት ደረጃውን በዝናብ ስትወርዱ ይገባችኋል። ከሱ በታች ትንሽ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ውሃው ላይ ያላየም እንዲሁ ሦስት ዓመት ነው ይባላል። ሰማዩ ጥቁር በሆነ ቀን ማንም ፊቱን በደንብ አያይም፣ ስለዚህ እኔ ዝም ብዬ ነው የማልፈው።

ፖንቾ ይሻላል ወይስ ዣንጥላ የሚል ጥያቄ ብዙ ይመጣል። ዣንጥላ። ዛፎቹ ነፋሱን ስለሚሰብሩት ዝናቡ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ከቅጠሉ ላይ ተጠራቅሞ በትልልቅ ጠብታ። ዣንጥላ እሱን በደንብ ይይዛል። ፖንቾ ግን በየበሩ ማውለቅ፣ ማጠፍ፣ ሲንጠባጠብ የት እንደሚያስቀምጡት መጨነቅ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ዣንጥላውን ቶሎ አትዝጉ፤ ዛፉ ለግማሽ ሰዓት ራሱ ይዘንባል።

9. ምሳ ከ14:00 በፊት

ከኢቺኖሃሺ እስከ ሰንጁኢንባሺ በእግር 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው፤ ካልፈለጋችሁ አውቶቡስ አለ። ምሳ ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ብዙዎቹም ከሰዓት ቶሎ ይዘጋሉ። ከ14:00 በፊት ተቀመጡ።

ለጾመኛ ይህ ከተማ ገነት ነው። የመነኮሳቱ ምግብ፣ ሾጂን-ሪዮሪ፣ ሥጋ የለው፣ ዓሣ የለው፣ እንቁላል የለው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ጃፓን ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ጎማ-ዶፉ የሚሉትን ሳትቀምሱ አትመለሱ፤ ቶፉ ይባል እንጂ አኩሪ አተር የለበትም፣ ከሰሊጥ፣ ኩዙ ከሚባል ሥር ስታርችና ከውሃ ነው የሚሠራው። ማንኪያ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ንጹሕ ሰሊጥ ነው።

ጥንቃቄ ለጾመኛ፦ ተራ ምግብ ቤት ገብታችሁ "አትክልት ብቻ ነው" ብላችሁ ኑድል ካዘዛችሁ ሾርባው አብዛኛውን ጊዜ በዓሣ ነው የሚሠራው። ዳሺ ይሉታል። ዓሣው ስለማይታይ ጾማችሁን ሳታውቁ ትፈታላችሁ። በሾጂን ግን ዳሺው ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ነው። ሜኑው ላይ ሾጂን የሚል ካላያችሁ "ሳካና ናሺ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ "ዓሣ የሌለው?" ማለት ነው።

10. ካልሲ ቀይሩና ኮንጎቡጂ ግቡ

ኮንጎቡጂ ዋናው ቤተ መቅደስ ነው። እስከ 17:00 ክፍት ነው፣ የመጨረሻው መግቢያ 16:30። መግቢያው 1,000 የን ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

በር ላይ እንዲህ አድርጉ። ዣንጥላውን አራግፉና ማስቀመጫው ላይ ተዉ። ጫማ አውልቁ። እርጥቡን ካልሲ እዚያው አውልቁ፣ ፌስታል ውስጥ። እግራችሁን በፎጣው አድርቁ፣ በተለይ በጣቶች መካከል። ከዚያ ደረቁን ካልሲ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን የማደርገው ለሦስት ምክንያት ነው፦ የተወለወለው እንጨት በእርጥብ ካልሲ ያንሸራትታል፣ ታታሚ የሚሉት የሣር ምንጣፍ ውሃ ሲነካው ይበላሻል፣ ደግሞም ከዚህ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያ እግር ነው የምትዞሩት። ባዶ እግር አትግቡ፤ ለእነሱ ነውር ነው፣ ለእናንተ ብርድ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ከዛፍ ቅርፊት የተሠራ ነው፣ አናቱ ላይ የእንጨት በርሜሎች ተቀምጠዋል። ለእሳት አደጋ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙ ናቸው። በጸሐይ ቀን ማንም ልብ አይላቸውም።

ውስጥ የድንጋዩ የአትክልት ስፍራ፣ ባንሪውቴይ፣ 2,340 ካሬ ሜትር ነው፤ ከጃፓን ትልቁ። 140 ድንጋዮች በነጭ ጠጠር መሐል ሁለት ዘንዶ ሠርተዋል፣ ጠጠሩ ደመና ነው። የምታዩት ከጣሪያ ሥር ካለው በረንዳ ስለሆነ አትረጥቡም። በደረቅ ቀን ግራጫ የነበረው ድንጋይ ሲረጥብ ጥቁር ይሆንና ዘንዶው ይወጣል። ተቀመጡ። ስልኩንም አስቀምጡት። እዚህ ነው ዝናቡን የምትወዱት።

ወጥ ቤቱንም አትለፉ። እዚያ ያሉት ምድጃና ድስቶች በአንድ ጊዜ ለ2,000 ሰው ሩዝ ያበስሉ ነበር። እናቴ ብታያቸው "ለስንት ሰርግ!" ትል ነበር።

11. ጊዜ ከተረፈ ዳንጆ ጋራን

ከኮንጎቡጂ በእግር 5 ደቂቃ ነው። ቀዩ ግንብ፣ ኮንፖን ዳይቶ፣ 48.5 ሜትር ነው፤ ጫፉ ጉም ውስጥ ይጠፋል። ግቢው ሰፊና ክፍት ስለሆነ ዝናቡ እዚህ ከሁሉም በላይ ያገኛችኋል። ዝናቡ ከባድ ከሆነ የግንቡን ውስጥ ብቻ አይታችሁ ውጡ። የትኛው ቤት ጫማ እንደሚያስወልቅ ግራ ከገባችሁ በሩን እዩ፤ የጫማ መደርደሪያ ካለ ይወልቃል። ሦስተኛው ካልሲ ለዚህና ለመመለሻው ባቡር ነው።

12. ለመመለስ 16:30 ላይ አስቡ

17:00 ላይ ሁሉም ቦታ ሲዘጋ ሰው ሁሉ በአንዴ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ይሰለፋል። ከዚያ በፊት ከወጣችሁ ወንበር ታገኛላችሁ። ጠዋት ስትደርሱ የማቆሚያውን የመመለሻ ሰሌዳ ፎቶ አንሱት፤ ማታ አውቶቡሱ እየሳሳ ይሄዳል፣ አንዱ ካመለጠ ደጅ ላይ መጠበቅ ነው። ሱቁም ስለሚዘጋ ገብታችሁ የምትጠለሉበት የለም።

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት

በእግር መውጣት እንወዳለን ብለው የድሮውን የተሳላሚዎች መንገድ፣ ቾኢሺ-ሚቺን፣ በዝናብ ይጀምራሉ። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ስድስት ሰባት ሰዓት ይወስዳል፣ ጭቃ ነው። ለደረቅ ቀን ይቆይ። በዝናብ ቀን ብቻውን የጀመረ ሰው ቢወድቅ ቶሎ የሚደርስለት የለም።

ከቶኪዮ በአንድ ቀን ደርሰው ሊመለሱ ያስባሉ። ፈጣኑ ባቡር ብቻ እስከ ሺን-ኦሳካ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ኦሳካ እደሩ።

መቃብር ድንጋይ ላይ ዕቃ ያስቀምጣሉ፣ ወይም ጫማ ሊያስሩ እግራቸውን ያሳርፋሉ። መቀመጫ የመሰላችሁ ሁሉ የሰው መቃብር ነው።

ጂንስ ይለብሳሉ። አንዴ ከረጠበ እስከ ማታ አይደርቅም። ቀለል ያለ ሱሪ ይሻላል።

ከባቡር ሲወርዱ ዣንጥላውን ወንበር ሥር ይረሱታል። እኔ ሁለት ጊዜ ረስቻለሁ።

ቤት ስትገቡ

ጫማውን ሂተር ወይም ፀጉር ማድረቂያ ሥር አታድርጉት፤ ማጣበቂያው ይለቃል። የውስጥ ሶሉን አውጡ፣ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ እስከ ጫፉ ሙሉ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ቀይሩት። ጋዜጣ ከሌላችሁ የሆቴሉን እንግዳ መቀበያ ጠይቁ፣ በዝናብ ወቅት አዘጋጅተው የሚጠብቁ አሉ። ጠዋት ደርቆ ታገኙታላችሁ።